አንድሮሜዳን መልሱልን

ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ሲያዙን ያሰቡት ክስ ነበር። አርእስቱ ፊልሙ ገና ሳያልቅ በጨለማ ውስጥ ተመርጧል፤ ከላይ የምታነቡት ነው። በአርእስቱ ላይ እስከ ዛሬ የተቃወመ የለም። ከአርእስቱ በታች ስለሚጻፈው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረን ሳንስማማ ቀረን። ስለዚህ ብዕሩ በእጃችን ነውና ነገሩን ከመጀመሪያው እንደ ሆነው ብናወጋው ይሻላል ብለናል።

የታኅሣሥ ቅዳሜ ማታ ነበር። በግቢያችን ካሉት ማኅበሮች አንዱ በትልቁ የማስተማሪያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ፊልም እንደሚያሳይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመግቢያው ዋጋ ከአንድ ሻይ የማይበልጥ ስለ ነበረ፥ ደግሞም ከመካከላችን ሁለቱ የግሪክ ድራማ ፈተና ስለ ተደቀነባቸው፥ «መዝናናትም ማጥናትም ነው» ተባብለን አምስት ሆነን ሄድን። (ፈተናው እንዴት እንደ ሆነ ባንጠየቅ ደስ ይለናል።) ፊልሙ «የማይበገረው ፔርሴዎስ» ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የኢጣልያና የእስጳንያ ሰዎች ተባብረው የሠሩት ሲሆን፥ አዘጋጁ አልቤርቶ ዴ ማርቲኖ ነው፤ ፔርሴዎስን ሆኖ የሚሠራው ሪቻርድ ሃሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ፊልም በሮማ እንደ አምባሻ ይጋገር ነበር። እሳቱን የለኰሰው በ1958 የወጣው የፒዬትሮ ፍራንቺሺ «ሄርኩለስ» ነው። በዚህ ፊልም የ1950 «ሚስተር ዩኒቨርስ» የነበረው ስቲቭ ሪቭስ ጡንቻውን ይዞ ብቅ አለ። ጆሴፍ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ፊልሙን በርካሽ ገዝቶ፥ ለማስታወቂያው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ፥ በ1959 በአገሩ አሳየው፤ አተረፈም። ከዚያ ወዲያ ደረቱ የሰፋ ሁሉ ወደ ሮማ ተጠራ። የጥንቱ ተረት ሁሉ ተገለበጠ፤ የአንዱ ፊልም ዓምድና ዙፋን ለሌላው ፊልም እየዋለ፥ የአንዱ ጦር ሠራዊት ልብሱን ለውጦ የሌላው ጠላት እየሆነ እስከ 1965 ገደማ ተዘለቀ። ፈረንሳዮች ከጥንት ግሪክ ሴቶች ቀሚስ ስም ወስደው «ፔፕለም» ይሉታል። በኋላ የካውቦይ ፊልም ገበያውን ሲወስደው ያው ሠራተኛ ሰይፉን አስቀምጦ ሽጉጥ ታጠቀ።

እኛ ይህን ዓይነት ፊልም እንወዳለን። መውደዳችንን በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በግልጽ መናገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንናገራለን። ድኽነቱን የማይደብቅ ነገር ደስ ይላል። ዐለቱ የተሠራበትን ጨርቅ፥ የንጉሡ ዘውድ የተቈረጠበትን ቆርቆሮ እያየን፥ ያም ሆኖ ሰይፉ ሲመዘዝ ልባችን ይዘላል። በልጅነታችን በሸንበቆ ሰይፍ የተዋጋን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን፤ ሸንበቆው ሸንበቆ መሆኑን ስላላወቅን አልነበረም የምንፈራው።

የዚህን ፊልም አውሬዎች የሠራው ካርሎ ራምባልዲ ነው። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ ለ«ኪንግ ኮንግ»፥ ለ«ኤሊየን» እና በ1982 ለወጣው «ኢ.ቲ.» በሠራው ሥራ ሦስት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በ1963 ግን ገና ድኻ ነበርና ዘንዶው እንደ አቅሙ ነው። በዚያው ዓመት ሬይ ሃሪሃውዘን «ጄሰንና አርጎናውቶች» ለተባለው ፊልም ትንንሽ ምስሎችን በጣቱ እያንቀሳቀሰ፥ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ለብቻዋ ፎቶግራፍ እያነሣ ዐፅሞችን ከሰው ጋር አዋግቷል። የራምባልዲ ዘንዶ እንደዚያ አይደለም፤ ትልቅ ሆኖ ተሠርቶ ውኃ ውስጥ የገባ አሻንጉሊት ነው። ከሐይቁ ብቅ ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ «ገመዱን ሳብ!» ብሎ ጮኸ።

በዚህ ጊዜ ነው የአዳራሹ ዘበኛ ከበሩ አጠገብ ወንበራቸውን ወደ እኛ ያስጠጉት። ዕድሜያቸው የገፋ፥ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው የተከናነቡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ግድግዳውን ጥቂት ተመለከቱና፥

«ጊዮርጊስ ነው?» አሉን።

«አይደለም አባባ፥ የግሪክ ተረት ነው።»

«ዘንዶውን ሊገድል አይደለም የመጣው?»

«ሊገድል ነው።»

«ታዲያ ፈረሱ የታለ?»

መልስ አልነበረንም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ብሩታዊትስ የቷ ናት?» ሲሉ ጠየቁን። ልዕልቲቱ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በታየች ጊዜ «ያቻት» ብለን አሳየናቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዛፍ ላይ መሆን ነበረባት።

ይህን ለማያውቅ አንባቢ (ካለ) እንናገር። በአብያተ ክርስቲያናታችን ሥዕል ሰማዕቱ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ሲወጋ፥ ለአውሬው ልትሰጥ የነበረችው የቤሩት ልጅ ብሩታዊት በዛፍ ላይ ሆና ትታያለች። አባባ የጠየቁት ጥያቄ የዋህ ቢመስልም ከእኛ ሁሉ ቀድመው የነገሩን ሥር ነክተው ነበር፤ ይህን ያስተዋልነው ግን ከቀናት በኋላ ነው።

ዘንዶው ከሞተ በኋላ ሜዱሳ ትመጣለች። በግሪኮቹ ዘንድ ሜዱሳ ጠጉሯ እባብ የሆነ፥ ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርግ ሴት ናት። ራምባልዲ ሴትም እባብም አልሠራም፤ አንድ የሚያበራ ዓይን ያለው፥ ከሥሩ ተነቅሎ በቀስታ የሚራመድ ጉቶ የሚመስል ነገር ሠራ። በዘንዶው ሲስቅ የነበረው አዳራሽ ጸጥ አለ። ያ ጉቶ በጭጋግ ውስጥ በድንጋይ በተለወጡ ወታደሮች መካከል ሲመጣ፥ ከጎናችን የተቀመጠው የሕግ ተማሪ ወዳጃችን ክንዳችንን ጨምቆ ያዘ። በኋላ አልያዝኩም ብሏል።

ልክ በዚያች ደቂቃ መብራት ጠፋ።

ሰው ሁሉ «ኧረ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያም እንደ ልማዳችን መጠበቅ ጀመርን። ከመካከላችን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠናው ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ «ለመሆኑ ይህች አንድሮሜዳ የማን ልጅ እንደ ሆነች ታውቃላችሁ?» አለ።

«የሴሪፎስ ንጉሥ ልጅ ናት፤ አሁን አየን አይደል?»

«የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት!»

በጨለማ የተነገረ ነገር ይገዝፋል። ዙሪያችን ያሉት ሁሉ ዝም አሉና ታሪኩን ተናገረ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ቄፌዎስ ካሲዮፔያ የምትባል ሚስት ነበረችው። ይህች ንግሥት ከባሕር ልጃገረዶች ይልቅ መልከ መልካም ነኝ ብላ ተመካች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቈጥቶ በአገሩ ላይ ጐርፍና አውሬ ሰደደ። ቄፌዎስ የአሞንን ጠንቋይ ቢያስጠይቅ ልጁን አንድሮሜዳን ለአውሬው እንዲሰጥ ተነገረው። በባሕር ዳር ከዐለት ጋር አሰሯት። ፔርሴዎስ የሜዱሳን ራስ ቈርጦ ሲመለስ በዚያ ሲያልፍ አያት፥ አውሬውን ገደለ፥ አገባት። ኤውሪፒደስ ይህን ታሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 በአቴና በትያትር አሳይቶታል፤ ትያትሩ ጠፍቶ ቍርጥራጩ ብቻ ቀርቷል።

ታዲያ በዚህ ፊልም ውስጥ ቄፌዎስ አለ፤ አንድሮሜዳም አለች። ኢትዮጵያ ግን የለችም። ንጉሡ ዙፋኑን ተሸክሞ በኤጌ ባሕር ወዳለችው ወደ ሴሪፎስ ደሴት ተዛውሯል። አገሩ በሙሉ ሁለት ከተማ ነው፤ አንዱ ሴሪፎስ፥ ሌላው አርጎስ።

ነገሩ እንዲህ ከሆነማ ማን ዝም ይላል? በዚያ ጨለማ ውስጥ ያለ ምንም ድምፅ ቈጠራ ክስ እንዲጻፍ ተወሰነ። «አንድሮሜዳን መልሱልን» የሚለውን ያወጣው ከኋላ «ገመዱን ሳብ» ያለው ሰው ይመስለናል። መብራቱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ፊልሙን ያየነው በሌላ ዓይን ነው። ሜዱሳ ስትሞት ድንጋይ የሆኑት ወታደሮች ሕይወት ዘርተው ተነሡ፥ ከፔርሴዎስ ጋር ሆነው ጠላትን ወጉ። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበላቸውም። ሁላችንም ተዘርፈናልና።

በማግሥቱ መጻሕፍት ቤት ገብተን ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርን፤ የሚያስደስቱ ነገሮችም አገኘን። የተመለከትነው ቅጂ አሜሪካኖች ለቴሌቪዥን ብለው በእንግሊዝኛ ድምፅ የለወጡት ነው፤ ስሙንም «ሜዱሳ ከሄርኩለስ ልጅ ጋር» የሚል ዓይነት አድርገውታል። ሄርኩለስ ገበያ ስለሚያመጣ ጡንቻ ያለው ሁሉ የእርሱ ልጅ እንዲሆን ተፈርዶበት ነበር። በግሪኮቹ የትውልድ ሐረግ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፔርሴዎስና አንድሮሜዳ ኤሌክትርዮንን ወለዱ፤ ኤሌክትርዮን አልክሜኔን ወለደ፤ አልክሜኔ ሄርኩለስን ወለደች። ስለዚህ ፔርሴዎስ የሄርኩለስ ልጅ ሳይሆን ቅድመ አያቱ ነው። ከዚህም የበለጠው ነገር፥ የእነዚያ ሁሉ ፊልሞች ጀግና፥ የስቲቭ ሪቭስ ደረት ያረፈበት ሄርኩለስ፥ ቅድመ አያቱ በተረቱ ኢትዮጵያዊት መሆኗ ነው። የሕግ ተማሪው ወዳጃችን ይህን ሲሰማ «ርስቱ በእናት በኩል ይጠየቃል» ብሎ ወረቀት አወጣ።

የኢጣልያን ፊልም ታሪክ ስንመለከት ደግሞ ቍጣችን ነዳጅ አገኘ። የዚህ ዓይነቱ ፊልም አባት በ1914 የወጣው የጆቫኒ ፓስትሮኔ «ካቢሪያ» ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ማቺስቴ የሚባል ኃይለኛ ባሪያ አለ፤ በታሪኩ ጥቁር ሰው ነው፥ የሠራው ግን በርቶሎሜዮ ፓጋኖ የተባለ የጄኖቫ ወደብ ሠራተኛ ሰውነቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው። ሕዝቡ ማቺስቴን እጅግ ስለ ወደደው ብዙ ፊልም ተሠራለት፤ ወዲያውም ቀለሙ ታጥቦ ነጭ ኢጣልያዊ ሆነ። በ1937፥ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ፥ የሙሶሊኒ መንግሥት በገዛ ገንዘቡ የሮማው ሺፒዮ አፍሪካን ድል ያደረገበትን ትልቅ ፊልም አሠራ። ለምን በዚያን ጊዜ እንደ ተሠራ ለማስረዳት ለእኛ ቀለም ማባከን አያስፈልግም። አያቶቻችን የከፈሉበትን ነገር በግድግዳ ላይ በሩብ ዋጋ የምናይ ሆነን ተገኘን ብለን ጻፍን፤ ይህ ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ነበረ፥ በጣም ወደነውም ነበር።

አሁን ግን ስንመለከተው ለዴ ማርቲኖ ግፍ ሆኖ ይታየናል። ሰውየው ሦስተኛ ከተማ ለመሥራት ገንዘብ ያልነበረው ይመስለናል። ሀብታሞቹ ምን አደረጉ? በ1981 ሃሪሃውዘን አውሬዎቹን የሠራለት «የቲታኖች ግጭት» የተባለው ፊልም አንድሮሜዳን የኢዮጴ ልዕልት አደረጋት። በ2010 ያው ፊልም በብዙ ሚሊዮን ዶላር እንደገና ሲሠራ አርጎስ ወሰዳት። ድኻው በድኽነቱ ቢተወን ይገባናል፤ ባለጠጋው መርከብና ሠራዊት ሁሉ ሲገዛ እኛን ለመግዛት ግን ሳንቲም አነሰው።

ክሱ እስከዚህ ድረስ መልካም ይሄድ ነበር። ያበላሸው ማስረጃው ነው።

በመጀመሪያ ኢዮጴ ነገር አመጣች። የ1981 ሰዎች ከራሳቸው የፈጠሩት አይደለም፤ ጥንትም አንድሮሜዳ የታሰረችው በኢዮጴ ወደብ ነው የሚሉ ነበሩ። አይሁዳዊው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የምንለው ሳይሆን ፍላቪዩስ ዮሴፍ የሰንሰለቷ ምልክት በዐለቱ ላይ ይታያል ይላል። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ የአውሬው አጥንት ከኢዮጴ ወደ ሮማ ተወስዶ ለሕዝብ እንደ ታየ፥ ርዝመቱም 40 ጫማ እንደ ነበረ ጽፏል። ኢዮጴ ማለት ነቢዩ ዮናስ መርከብ የተሳፈረባት፥ ከዚያም ዓሣ አንበሪ የዋጠው ያችው ከተማ ናት። ከኢዮጴ አጠገብ ደግሞ ልዳ አለች፤ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ሁለቱ ጎረቤታሞች መሆናቸው ተጽፏል። ልዳ የማን አገር ናት? የጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ ዘልዳ ብለን የምንጠራው ሰማዕት መቃብሩ በዚያ ነው። ዘንዶ፥ ለዘንዶ የተሰጠች የንጉሥ ልጅ፥ ከውጭ የመጣ ወጣት፤ ሊቃውንቱ የጊዮርጊስን ደራጎንና የፔርሴዎስን አውሬ ሲያጎራብቱ የኖሩት ለዚህ ነው። አባባ በመጀመሪያው ቀን «ጊዮርጊስ ነው?» ያሉትን አስታወስንና እርስ በርሳችን ተያየን።

ሁለተኛው ነገር ስሙ ራሱ ነው። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ ሰዎች አገር ማለታቸው ነበር፤ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሁሉ፥ አንዳንዴም እስከ ሕንድ ድረስ ያለውን በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ሄሮዶቱስ የሚያወራላት የኢትዮጵያ ከተማ ሜሮኤ ዛሬ በሱዳን ምድር ናት። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ባስጻፈው ሐውልት ላይ በግዕዙ «ሐበሻት» ያለውን በግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ብሎታል። ስለዚህ ስሙን እኛ የወሰድነው ኤውሪፒደስ ከሞተ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሕግ ተማሪው ወረቀቱን አጠፈና «ከሳሽ የመክሰስ መብቱን ማስረዳት አለበት» አለ። ከዚህ በኋላ ሁለት ቀን አላናገርነውም። ሱዳናውያን ተማሪዎችም ቢሰሙን ምን ይሉን እንደ ነበር ማሰብ አይከብድም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። አንድሮሜዳን ነጭ ያደረጓት ኢጣልያኖች ናቸው ብለን ጽፈን ነበር። በአቴና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በተሠሩ እንስራዎች ላይ ግን የሚያስሯት አሽከሮች ጥቁር አፍሪካውያን ሆነው ሲሣሉ፥ እርሷ ነጭ ሆና ቆማለች። ኦቪድ በበኩሉ በአገሯ መልክ የጠቈረች መሆኗን ይናገራል። ሄሊዮዶሮስ የተባለው ደራሲ ደግሞ «ኢትዮጵያዊው ነገር» በሚባለው ልብ ወለዱ እንዲህ ይላል፦ የኢትዮጵያ ንግሥት ፐርሲና በፀነሰችበት ሰዓት በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የተሣለችውን ነጭ አንድሮሜዳ ስላየች፥ ነጭ ልጅ ወለደች፤ ባሏ እንዳይጠረጥራትም ሕፃኒቱን ጣለቻት። በአንድ ሥዕል ምክንያት አንዲት ልጅ ከአገሯ ተሰደደች ማለት ነው። ታዲያ ክሱ በማን ላይ ይጻፍ? በ1963ቱ ድኻ ፊልም ወይስ በእንስራ ሠሪው?

እስከዚህ ድረስ ሲከራከሩ የነበሩት አራት ወንዶች ናቸው። አምስተኛዋ፥ ታሪክ የምታጠናው እኅታችን፥ መጻሕፍቱን ከእኛ ይልቅ ብታነብም ብዙ አልተናገረችም ነበር። አንድ ማታ በሻይ ቤት ረቂቁን ጮክ ብለን ስናነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችንና፥

«ስትጠፋ ነው ያዘናችሁት» አለች። «ስትታሰርስ?»

ምን ለማለት እንደ ፈለገች ጠየቅናት።

«ተመለሰች እንበል። ማን ሆና ነው የምትመለሰው? እናቷ ለተናገረችው የምትከፍል፥ አባቷ ከዐለት ጋር የሚያስራት ልጅ ሆና ነው። ያን ዐለት ነው የኛ ነው የምትሉት? እርሷን ካመጣችሁ አሳሪዎቹንም አምጡ፤ እነርሱም ኢትዮጵያውያን ናቸው።»

አንዱ ጓደኛችን ተረት መሆኑን አስታወሳት። የእኛም ተረት ያው ነው አለችው፤ በአክሱም አገር በሚነገረው አርዌ የተባለው ዘንዶ ነግሦ ሳለ ልጃገረድ ይገበርለት እንደ ነበር ማን ያጣዋል? የሚገብሩት እነማን ነበሩ? ስማቸው አልተጻፈም። ዘንዶው ስም አለው።

ከዚያ ስለ ታናሽ እኅቷ ነገረችን። ይህን እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች፤ ስሟንና ቀበሌዋን ሳንጽፍ። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ተዳረች። አባታቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናብ ቀርቶ እርሻው ከሽፎ ነበር፥ ጠያቂዎቹ ሁለት በሬ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፥ ሽማግሌ ደጅ ሞላ፥ ጎረቤቱም ሁሉ «ምን ትጠብቃለህ?» አላቸው። «መጽሐፉም እኮ ቄፌዎስ ክፉ ነበረ አይልም» አለች። «ሕዝቡ አስገደደው ነው የሚለው። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ስለ ባሕር አውሬ ፈተና ስጽፍ ነው ደብዳቤው የደረሰኝ። ፔርሴዎስም በዚያ በኩል አላለፈም።»

ሻያችን ቀዘቀዘ። ቀልድ የሚያበዛው ጓደኛችን እንኳ ስኳሩን ሲያማስል ቆየ።

ትንሽ ቆይታ ግን እርሷው ራሷ ነገሩን ቀጠለችው። ስለ ጠፋው የኤውሪፒደስ ትያትር የጥንት ሰዎች ከጻፉት ውስጥ አንድ ነገር አግኝታለች። በዚያ ትያትር አንድሮሜዳ ከዐለቱ ከተፈታች በኋላ አባትና እናቷ ከእኛ ጋር ቅሪ ቢሏት፥ እምቢ ብላ በገዛ ፈቃዷ ከፔርሴዎስ ጋር ወደ አርጎስ ሄደች ይባላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፊኒዎስ ለሚባል ለአጎቷ ታጭታ ነበር፤ ይህን ሲያጩላት የጠየቃት የለም። እንግዲህ ሁሉም ሲሰጣት የኖረ ልጅ በአንድ መድረክ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ መናገሯ ነው። ምን ብላ እንደ ተናገረች አናውቅም፤ የተጻፈበት ጠፍቷል።

«እኔ ክስ ብጽፍ የምጠይቀው ይህን ነው» አለች። «ከኢጣልያኖቹ አይደለም።»

ረቂቁን እዚያው አጣጥፈን ኪሳችን ከተትነው። የሕግ ተማሪው (ታርቀን ነበር) እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያስመልስ ሊናገር ጀመረና ተወው።

ከሻይ ቤቱ ስንወጣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ የታኅሣሥ ሰማይ ነው። የከተማው መብራት ኮከቡን ሁሉ ይበላል፥ ግን በአዳራሹ ጀርባ ካለው ሜዳ ጥቂት ይታያል። ግሪኮች እነዚህን ሰዎች ሁሉ ሰማይ ላይ ሰቅለዋቸዋል። ካሲዮፔያ አምስት ኮከብ ሆና በሰሜን ከእንጦጦ በላይ ተቀምጣለች። አንድሮሜዳ ከእርሷ ከፍ ብላ ወደ ራሳችን ትደርሳለች፤ በስሟ የተጠራው የከዋክብት ክምችት ከዚህ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ይርቃል ይባላል፥ እኛ ግን ስናፈጥም ጭጋግ የመሰለ ነገር እንኳ አላየንም። አውሬው ሴቱስ ደግሞ ከራሳችን ወዲያ በደቡብ በኩል ነው። በአውሮፓ ሰማይ አውሬው ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው፤ እኛ አገር ላይ ግን ልጅቱና አውሬው በሰማዩ አናት ግራና ቀኝ እኩል ከፍ ብለው ይቆማሉ። እኅታችን አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሁለቱን ለረዥም ጊዜ ስትመለከት ቆየች።

አባባ ከበሩ ሆነው አዩንና ምን እንደ ጠፋን ጠየቁን። በጣታችን ካሲዮፔያን አሳየናቸው። «ይችማ ኮከብ ናት» አሉ፥ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። ከዚያ በሚመጣው ወር የሚታየው ምን እንደ ሆነ ጠየቁን። ማኅበሩ የ1958ቱን «ሄርኩለስ» እንደሚያሳይ ነገርናቸው።

«ፈረስ አለበት?»

አለበት አልናቸው። ፊልሙ የሚጀምረው ልዕልት ኢዮሌን ይዘው በሚጋልቡ የሠረገላ ፈረሶች ነው፤ ሄርኩለስ ዛፍ ከሥሩ ነቅሎ ያስቆማቸዋል። አባባ ዛፍም መኖሩን ሲሰሙ ደስ አላቸውና ከፊት ወንበር እንድንይዝላቸው ለመኑን። ይዘንላቸዋል፤ የራሳችንንም ስድስቱን ዋጋ ከፍለናል።